መንግሥት «ምን ትላላችሁ?» ሲል የት ነበራችሁ?

የጤና ካርዳችን ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ማየት ያዋጣል ወይ?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጋዜጣ ስታገላብጡ «በረቂቅ መመሪያው ላይ አስተያየት ያላችሁ ሁሉ እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ እንድታቀርቡ» የሚል ማስታወቂያ ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ገልበጥ አድርጋችሁ ወደ ስፖርቱ አይደል? አልፈርድባችሁም። ማስታወቂያው ራሱ ሰው እንዲያነበው ተብሎ የተጻፈ አይመስልም። ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከመርካቶ ተነስቶ ቦሌ ሳይደርስ አይቆምም፤ ቃላቱ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ሰው ይፈልጋሉ።

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ እርቅ ስንጫወት ከርመን ዛሬ ስለ መንግሥት ረቂቅ ላውራ ስል «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል። ግን ጎበዝ፣ ነገሩ ከፍቅርም ከትዳርም የራቀ አይደለም። የደም ምርመራችሁ ውጤት፣ የወሰዳችሁት መድኃኒት፣ «አደራ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላችሁ ለነርሷ ያጫወታችኋት ሁሉ ከወረቀት ካርድ እየወጣ ኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው። እዚያ ውስጥ ገብቶ ማን ያያል? ማንስ አያይም? ይህን የሚወስነው ያ ገልብጣችሁት ያለፋችሁት ማስታወቂያ የሚናገርለት ወረቀት ነው።

እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የኮምፒዩተር ባለሙያም አይደለሁም። ዛሬ የምላችሁን ለማለት ግን ሁለቱንም መሆን አያስፈልግም። ማሽኑን ባለሙያው ያውቀዋል፤ ወረፋውን የምናውቀው ግን እኛ ነን። ሲጠይቁን ስለ ወረፋው ካልነገርናቸው፣ ወረፋ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ ወረፋችን ሕግ ያወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሮቦት አይደለም

«የጤና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ» ሲባል ነጭ ጋውን የለበሰ ሮቦት የታያችሁ ካላችሁ ተረጋጉ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆማችሁ «ቁጥርህን አታውቀውም? በቃ አዲስ አውጣ» የምትባሉት ነገር አሮጌው ቴክኖሎጂ ነው። የላብራቶሪ ውጤት ወረቀት ሳይያዝ በኮምፒዩተር ለሐኪሙ ሲደርስ፣ የቀጠሮ መልእክት በስልክ ሲመጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በመዝገብ ፋንታ ታብሌት ይዛ ቤታችሁ ስትመጣ ደግሞ አዲሱ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት» የሚለውን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ካደረገው ወዲህ ነገሩ እየሰፋ መጥቷል።

አልዋሽም፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ቢገባ ካርዱ ኮምፒዩተር ውስጥ መኖሩ ነፍሱን ያተርፈዋል። በየሄዱበት ያንኑ የደም ምርመራ እንደገና ከመክፈልም ያድናል። እናቴ የስኳር ሕመሟን ታሪክ በፌስታል ይዛ ነው የምትዞረው፤ ያ ፌስታል ቢቀርላት ደስታዬ ነው። ስለዚህ «ኮምፒዩተር አንፈልግም» የሚል ሐሳብ የለኝም። የእኔ ጥያቄ ሲገባ እንዴት ይግባ የሚለው ነው።

«ስልኩን እህቴ አነበበችው»

በቅርቡ አንዲት የ23 ዓመት አንባቢያችን ደብዳቤ ጽፋልን ነበር። ስሟ ይቅርና ታሪኳን ላጫውታችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታላቅ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው። አንድ ክሊኒክ ሄዳ ካርድ ስታወጣ ስልኳ ተሰርቆ ስለነበር የእህቷን ቁጥር አስመዘገበች። ማንም ምንም አላላትም። ከወራት በኋላ እህቷ ስልክ ላይ መልእክት መጣ፤ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድበት ቀን መድረሱን ከነስሟ የሚያስታውስ መልእክት ነው።

«እህቴ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ክፍለ ሀገር ናት፤ በማግስቱ ደወለችልኝና አልቅሳ ዘጋችው። እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም፣ ዕድሜዬ ለአካለ መጠን ደርሷል፣ ከእጮኛዬ ጋር ተመካክረን ያደረግነው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ክሊኒክ የሚባል አልረገጥኩም። ስልክ ቁጥር ሲጠይቁኝ ራሱ ልቤ ይመታል» ትላለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ክሊኒኩ ክፉ አላሰበም፤ ቀጠሮዋን እንዳትረሳ ነው ያስታወሳት። ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም፤ የታዘዘውን አድርጓል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ ግን «አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ» ብሎ ነው የተነሳው። እኛ ሰፈር አንድ ስልክ የሦስት ሰው መሆኑን፣ ልጅ የአባቷን፣ ሚስት የባሏን፣ ተከራይ የአከራዩን ቁጥር እንደሚያስመዘግቡ ማን ነገረው? ማንም። ደግሞ ይህ መልእክት ስለ መርፌ ሳይሆን ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ቢሆንስ ኖሮ? ስንቱ ከቤት ይባረር ነበር፣ ስንቱስ መድኃኒቱን ያቆም ነበር?

የዚህ ሁሉ መፍትሔ አንድ መስመር ነው፤ «በስልክ የሚላክ የቀጠሮ መልእክት የሕክምናውን ዓይነት መጥቀስ የለበትም።» ይቺ መስመር መመሪያ ውስጥ ብትገባ ክሊኒኩ «ነገ ቀጠሮ አለሽ» ብቻ ብሎ ይልክ ነበር። ይቺን መስመር ለመጻፍ ደግሞ ከፕሮፌሰሩ ይልቅ ያቺ ልጅ ትቀርባለች።

«ወስነው ነው የሚጠሩን»

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ነገር ሁሉ ያንገፈገፈው ሰው ነው። ቡና እየጠጣን ይህን ሳነሳበት «ተወኝ ባክህ! እነሱ ወስነው ጨርሰው ነው ምን ትላለህ የሚሉህ። ለፊርማ ነው የሚፈልጉህ» አለኝ። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እናንተም ሳትነቀንቁ አልቀራችሁም።

ውሸት ነው አልለውም። ለይስሙላ የሚጠራ ስብሰባ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ነገሩ እዚያ ላይ እንደማያልቅ የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉኝ።

የመጀመሪያው እኛኑ የሚነካ ነው። ዘመድ አሜሪካ የሌለው አዲስ አበቤ መቼም ጥቂት ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ ውስጥ በሕክምና ቦታ አድልዎን የሚከለክል አንቀጽ አለ። በ2016 ለዚህ አንቀጽ ማስፈጸሚያ ሲወጣ፣ ሆስፒታሎችና የጤና መድን ድርጅቶች በየግዛታቸው በብዛት በሚነገሩ 15 ቋንቋዎች «አስተርጓሚ በነፃ ታገኛላችሁ» የሚል አጭር ማስታወቂያ ከሚልኳቸው ዋና ዋና ወረቀቶች ጋር እንዲያያይዙ አዘዘ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አማርኛ ከ15ቱ ውስጥ ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናት የሆስፒታል ደብዳቤ ሲከፍቱ በገዛ ፊደላቸው የተጻፈ መስመር አገኙ ማለት ነው።

ሌላ አስተዳደር መጣና በ2019 «ለወረቀትና ለፖስታ የሚወጣው ገንዘብ በዛ፣ ይቅር» የሚል ረቂቅ አወጣ። ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠየቀ። 198,845 አስተያየት ገባ! በ2020 ግን መንግሥት ያሰበውን አደረገ፤ ግዴታው ተሰረዘ። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ጠረጴዛውን መታና «አላልኩህም?» አለ። ቆይ ተረጋጋ አልኩት።

በ2022 እንደገና አዲስ ረቂቅ ወጣ። በመካከሉ አስተዳደሩ መለወጡ እውነት ነው፤ አልደብቅም። አሁንም ከ85,000 በላይ አስተያየት ቀረበ። በ2024 የመጨረሻው ሕግ ሲወጣ የቋንቋው ማስታወቂያ ተመለሰ፤ በዚያ ላይ ድሮ ያልነበረ አንድ ነገር ተጨመረበት። ሆስፒታሉ በኮምፒዩተር የሚያስተረጉመው ጽሑፍ ለታማሚው መብት ወይም ለሕክምናው ወሳኝ ከሆነ፣ ብቃት ያለው ሰው የሆነ ተርጓሚ ሳያየው መውጣት የለበትም ተባለ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ስልካችሁ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አስተርጉሙና እዩ፤ ትስቃላችሁ። የመድኃኒት ወረቀት ላይ «ከምግብ በፊት» የሚለው «ከምግብ በኋላ» ሆኖ ቢወጣ ግን የሚያስቅ አይሆንም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ብዛት ብቻውን አያሸንፍም። ሁለት መቶ ሺህ የሚጠጋ አስተያየት በ2020 አላሸነፈም። ግን እዚያ አገር መሥሪያ ቤቱ ለቀረቡለት ዋና ዋና ሐሳቦች ሕጉን ሲያወጣ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ የተጻፈው ሐሳብ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ዛሬ ያልሰማው ባለሥልጣን ቢሄድ ነገ የሚመጣው ያገኘዋል። ደግሞ አስተያየት ለመስጠት እዚያ ዜግነት አይጠየቅም፤ ትናንት የገባ ስደተኛም መጻፍ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህን ልብ በሉ።

ሁለተኛው ታሪክ የእንግሊዝ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ለመንግሥታትም ትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የሕዝቡን የሕክምና መዝገብ ከየሐኪሙ ቤት አውጥቶ አንድ ቦታ ሊያከማች ተነሳ። አላማው ለምርምርና ለዕቅድ ነበር፤ መጥፎ አልነበረም። ሕዝቡን ግን አስቀድሞ በደንብ አላወያየም። በየቤቱ በራሪ ወረቀት በተነ፤ ብዙ ሰው የሸቀጥ ማስታወቂያ መስሎት ጣለው። በኋላ «መረጃችን ለማን ሊሰጥ ነው?» የሚል ጫጫታ ተነሳ። ሐኪሞችም አጉረመረሙ። በየካቲት ወር ሥራው እንዲቆይ ተደረገ፤ በ2016 ጭራሹን ተዘጋ። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ቀለጠ። ሰው ቀድሞ ቢጠየቅና ቀድሞ ቢናገር ኖሮ የሚስተካከለው ተስተካክሎ ይቀጥል ነበር።

እኛ ጋስ?

እኛ ጋ ሕግ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በ2012 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል አዋጅ አለ። በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፤ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ መስጠትና የቀረበውን አስተያየት ማየት አለበት። የወጣው መመሪያ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። መመሪያው ከሕግ ውጭ ነው የሚል ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። እንግዲህ አስተያየት ስጡ መባላችን ችሮታ አይደለም፤ መብታችን ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ ሰው ሲያምታታቸው ስለማይ ነው። አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያ አስተያየት የሚሰጠው ቋሚ ኮሚቴው በሚጠራው መድረክ ላይ ወይም ለኮሚቴው በጽሑፍ ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው፤ ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር፣ ወይም መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። የቀን ተቀን ኑሯችንን የሚነካው ዝርዝር ብዙውን ጊዜ መመሪያው ውስጥ ነው ያለው። አዋጁ «ሚስጥር ይጠበቅ» ይላል፤ መመሪያው ግን ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ይናገራል።

ሁለት አዋጆችን ደግሞ በኪሳችሁ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች አንዱ አድርጎታል፤ ስለ ራሳችሁ የተመዘገበውን የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብትም ሰጥቷችኋል። ሥራውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሌላው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ ፋይዳ የምንለው መታወቂያ መሠረቱ እሱ ነው። የጣት አሻራችሁን፣ የዓይን ብሌናችሁንና የፊታችሁን ምስል የሰጣችሁበት ቁጥር ከሕክምና ካርድ ጋር ይያያዝ ሲባል፣ ማን በምን ምክንያት ያያይዘዋል ብሎ መጠየቅ የማንም ሳይሆን የእናንተ ጉዳይ ነው።

አምስቱ ጥያቄዎች

ማንኛውም የጤና ቴክኖሎጂ ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ ገጹ ሃምሳም ይሁን መቶ አትደንግጡ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ፤

አንደኛ፣ ማን ያያል? ሐኪሙ ብቻ ነው ወይስ ካርድ ክፍል ያለችው የጎረቤቴ ልጅም? ማን እንዳየውስ ይመዘገባል?

ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋስ? «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ባንክም ቀበሌም ጠግበነዋል። አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ሲያጫውተኝ «ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት እንመዘግባለን፣ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ኮምፒዩተር ውስጥ እንከታለን፤ ሥራው እጥፍ ሆኖብናል፤ በመካከል የሚዘለል አይጠፋም» ብሎኛል። ምጥ የያዛት ሴት «ሲስተም እስኪመጣ» ልትባል ነው? መመሪያው ይህን መመለስ አለበት።

ሦስተኛ፣ ስልክ የሌለው፣ ማንበብ የማይችል፣ ዓይኑ የማያይስ? እሱ ወረፋው ላይ የት ይቆማል?

አራተኛ፣ ቋንቋውስ? የሚሰጠው ፈቃድ ታማሚው በሚገባው ቋንቋ ነው የተጻፈው? እንግሊዝኛ ላይ ያስፈረሙት ሰው ምኑ ላይ ነው ፈቀደ የሚባለው?

አምስተኛ፣ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል? የእኔ ውጤት የሌላ ሰው ካርድ ላይ ቢገባ፣ «ኮምፒዩተሩ ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም። አቤት የምንልበት ቦታና ሰው በስም ይጻፍ።

ከአምስቱ ለአንዱ ረቂቁ መልስ ከሌለው፣ አስተያየታችሁን አገኛችሁት ማለት ነው።

እንዴት ይጻፋል?

በመጀመሪያ ቀኑን እዩ። የአስተያየት ቀን ካለፈ በኋላ መጻፍ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ቀጥሎ ትርጓሜ የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፤ ተንኮሉም ቅንነቱም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ እናንተን የሚነካውን አንድ አንቀጽ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም እነካለሁ ያለ አንዱንም አይነካም።

አጻጻፉ አራት ነገር ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ፣ ምን ችግር እንዳያችሁ፣ ምን ተብሎ ቢስተካከል እንደምትፈልጉ። ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ያቆማል። አልቅሶ ይሄዳል። መፍትሔውን የሚጽፍለት ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስለዋል፤ አይመጣም። ያቺን የደብዳቤ ልጅ ታሪክ ይዤ አንድ ናሙና ልስጣችሁ፤

«ጉዳዩ፡- በረቂቅ መመሪያው ላይ አስተያየት ስለማቅረብ። እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪና የጤና አገልግሎት ተጠቃሚ ነኝ። አስተያየቴ ስለ ቀጠሮ ማስታወሻ በሚናገረው አንቀጽ ላይ ነው። ማስታወሻ መላኩ ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በብዙ ቤት አንድ ስልክ ከአንድ በላይ ሰው ይጠቀምበታል። የሕክምናውን ዓይነት የሚጠቅስ መልእክት ሌላ ሰው አንብቦት ታማሚዋ ሕክምናዋን ያቋረጠችበትን ሁኔታ አውቃለሁ። ስለዚህ አንቀጹ ላይ እንዲህ የሚል ቢጨመር፤ አንደኛ፣ መልእክቱ የሕክምናውን ዓይነትና የክፍሉን ስም አይጠቅስም። ሁለተኛ፣ ስልክ ሲመዘገብ ስልኩን ሌላ ሰው ይጠቀምበት እንደሆነና መልእክት እንዲላክለት ይፈልግ እንደሆነ ታማሚው ይጠየቃል። ከሰላምታ ጋር።»

አያችሁ? አንድ ገጽ አልሞላም። የላቲን ቃል የለበትም። ስድብ የለበትም። ጥሩውን ጥሩ ብሎ ነው መጥፎውን የነቀሰው፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚቀበል ሠራተኛ ቶሎ አይጥለውም።

ደብዳቤውን ስታስገቡ በእጅ ሰጥቶ መሄድ የለም። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉትና ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ፤ ቁጥሩንም ያዙ። መመሪያው ሲወጣ ያቺን ቅጂ አውጥታችሁ አስተያዩ። ገብቷል? እሰየው። አልገባም? ለምን እንዳልገባ ለመጠየቅ እጃችሁ ላይ ማስረጃ አለ።

ጥንቃቄም አለው። አስተያየት የአደባባይ ነገር ነው፤ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ስለዚህ የራሳችሁን በሽታ ወይም የሌላ ሰው ስም አትጻፉበት። «አንዲት የማውቃት» ማለት ይበቃል። ሚስጥር ይጠበቅልኝ እያሉ ሚስጥርን በደብዳቤ መበተን ምን ይሉታል? ሌላው፣ አንዱ የጻፈውን መቶ ሰው ገልብጦ አይላክ። መቶ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንደ አንድ ደብዳቤ ነው የሚነበበው። ይልቅ አሥር ጓደኛሞች ተሰብሰቡና እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ወረፋ ጻፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለሽምግልናና ለሐሜት ልክ ናቸው። የጤና ካርድ ላይ ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ብንይዝ ይሻለናል፤ እሱንም አባቶቻችን ናቸው ያሉት።

ለጻፍሽልን እህታችን

ደብዳቤሽን አንብቤ የምመልስልሽ ይኼን ነው። መርፌውን ካቋረጥሽ ጊዜው ሲያልፍ መከላከሉም ያበቃል፤ ስለዚህ በኩርፊያ ራስሽን አትጉጂ። ያ ክሊኒክ ካስጠላሽ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስልክ ሲጠይቁሽ የራስሽን ስጪ፤ ወይም «መልእክት አልፈልግም፣ ቀጠሮዬን ካርዴ ላይ ጻፉልኝ» በይ። የድሮው ክሊኒክ ደግሞ የእህትሽን ቁጥር ከመዝገቡ እንዲያስወጣ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከላይ የጠቀስኩት የዳታ ጥበቃ አዋጅ ካንቺ ጋር ነው። እናትሽን ስልክ አትዝጊባት፤ ስትረጋጋ ደውይላት። ከእጮኛሽ ጋር የተመካከራችሁት የነውር ሥራ እንዳልሆነ ቀስ ብለሽ ብታስረጂያት ይገባታል።

ከዚያ በኋላ ልብሽ ሲያርፍ፣ ሌላ ጊዜ ረቂቅ ወጣ ሲባል፣ ያቺን አንድ መስመር ጻፊላቸው። አንቺ የምታውቂውን እነሱ አያውቁትም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።